የወይዘሮ አየሁሽ ላም ያልተጠየቀችበት ጥናት

ይድረስ ለተከበሩ የአገዳ ከሰል ፕሮጀክት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲረዱልኝ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ የማሽላ አገዳ ይበላል፣ የሰሊጥ አገዳ አይበላም። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በዚህ በመጋቢት ሙቀት የቢሮዎ ማቀዝቀዣ አንድም ቀን እንዳይታመምብዎት ምኞቴ ነው።

«ዘላቂ ማገዶ ከሰብል ተረፈ ምርት» የሚለውን ጥናትዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ እንደሚከተለው ላመሰግንዎት ወድጃለሁ።

1. ሁለቱን አገዳዎች በሙቀት፣ በጭስና በአመድ ስላወዳደሩልን። ሠንጠረዡ ያማረ ነው፤ የጎደለው «ማን ይበላዋል?» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነው።

2. የማሽላ አገዳን «ለመንገድ ቅርብ ነው» ብለው ስለመረጡት። ወደ መንገድ የመጣው በራሱ እግር አይደለም። ጎረቤቴ ወይዘሮ አየሁሽ ላማቸው እስከ ክረምት እንድትበላው ከማሳ በአህያ አሥራ ሰባት ጊዜ አመላልሰው ከአጥራቸው ሥር የከመሩት ነው። ሰሊጡን ካራገፍን በኋላ እርሻ ላይ ትተነው፣ ከማረሳችን በፊት በከንቱ የምናቃጥለውን አገዳ ግን ጥናቱ «ለማጓጓዝ የማያመች» ብሎ አልፎታል።

3. ባለፈው ሐሙስ መኪና ልከው ያንን ክምር ስላነሱላቸው። ወይዘሮ አየሁሽ «ወንድም ጋሼ፣ ይኸ እኮ የላሜ ቀለብ ነው» ቢሉት፣ ሾፌርዎ በትሕትና «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የሚል ወረቀት አሳያቸው። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ቡድንዎ በኅዳር ሲለካው ላሟ ገና አልጀመረችውም ነበር።

እኔም ጥናቱን ለማገዝ ከአጥሬ የመዘዝኩትን የማሽላ አገዳና ከእርሻ ያመጣሁትን የሰሊጥ አገዳ ለላሟ አቀረብኩላት። የሰሊጡን አሽታ ፊቷን አዞረች፤ የማሽላውን ጨረሰች። ንጽጽሩን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስታጠናቅቅ የውሎ አበል አልጠየቀችም።

ላሟ ከብዳለች፤ ሣር እስኪበቅል ደግሞ ገና ሦስት ወር ነው። ስለዚህ ክምሩ ከሰል ካልሆነ እንዲመለስ፣ ከሆነም በልኩ ሌላ የማሽላ አገዳ እንዲተካ፣ መኪናዎም ወደ ሰሊጥ እርሻችን እንዲዞር በአክብሮት እንጠይቃለን። ጭነቱን እኛው እንጭንልዎታለን።

ትዕግሥትም ቀይ እስክሪብቶም ያላለቀበት፣
ጡረተኛው መምህር ምንይችል ደረበ፣
ከገንዳ ውሃ።

ማስታወሻ፦ መኪናዎ የሚያርፍበት ዳስ በማሽላ አገዳ የተከደነ መሆኑን በማለፍ ላይ ሳለሁ አስተውያለሁ። ለመንገድም እጅግ ቅርብ ነው። ወይዘሮ አየሁሽ ላማቸውን ወደዚያ መንዳት ሳይጀምሩ መልስዎን ቶሎ ይላኩልን።