ሦስት አውጪ፣ ዜሮ ተቀባይ

ሰኞ፣ ግንቦት 3። ጠዋት፣ አሠሪዬ ማዳም ሳትነሳ።

ዘፈን ሲሠራ ቀድሞ የሚመጣው ግጥሙ ነው ዜማው? አትዋሺኝ ደብተሬ፣ አንቺም ጠይቀሽ ታውቂያለሽ። ሁሉም ሰው ጠይቋል። መልሱን ትናንት አገኘሁት። ቀድሞ የሚመጣው ጭቅጭቅ ነው።

የበረንዳው ተክል ጠጥቷል። ሰሐኑ ታጥቧል። ሩብ ሰዓት አለኝ።

የትናንቱ ስብሰባ (ቤይሩት፣ ሺያህ ሰፈር፣ ዘሃራ ቤት) ውጤት፦ ግጥም ሁለት መስመር፣ ዜማ ሦስት ዓይነት። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ዜማ ይዘን ገባን፣ ይዘን ወጣን። ግጥሙ ግን ያምራል፦

ስድስቱን ቀናት ለሰው ሰጥቼ፣
እሑድን ብቻ ለኔ አስቀርቼ።

ቡድናችንን ልጻፍልሽ። ዘሃራ፦ የወሎ ልጅ፣ ሠላሳ አልፏታል፣ ሺያህ ክፍል ተከራይታ በየቤቱ እየዞረች ታጸዳለች። መንዙማ ስትል የላይኛው ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ይዘጋል። ትርንጎ፦ እንደኔ አሠሪዎቿ ቤት ነው የምትኖረው፣ ሐዝሚዬ ሰፈር። አገር ቤት የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበረች። ከበሮ ትመታለች፤ ከበሮ ሲጠፋ ባልዲ። እኔ፦ ፋናር ሰፈር፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ምሩቅ። ስለዚህ ቀጂ ተባልኩ። ትምህርቱ ስለ ትራንስፎርመር ነበር ብል የሚሰማኝ የለም። "ኢንጂነሯ" ይሉኛል። መሳቃቸው ነው።

ጊዜ የለንም። ዘሃራ ዕሮብ ግንቦት 19 አገር ትገባለች። ለሁልጊዜው። ልታገባ። ከኒካሁ በኋላ መንዙማ እንጂ ዘፈን የለም ብላለች። ሰውዬው አይደለም ያለው፣ ራሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት ስታንጎራጉር አንድም ቀን አልተቀዳችም። "አንድ ዘፈን" አለች ትናንት። "አንድ፣ ንጹሕ። ልጆቼን፣ ይህቺ እኔ ነበርኩ፣ ብዬ የማሰማው።"

ሁለት እሑድ ቀርቶናል። ማዳም ተጣራች። ያላ፣ ልሂድ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። ከምሳ በኋላ።

አዲስ ዘዴ፣ የኔ ሐሳብ። በየቤታችን ቀድተን በስልክ እንላላክ፣ እኔ እገጣጥማለሁ። እሑድን አንጠብቅም። ደስ ብሎኝ ሌላ ሥራ መሥራት አቅቶኛል።

የኔን ቁምሳጥን ውስጥ ቀዳሁ። የማዳም የክረምት ካፖርቶች ድምፅ ይውጣሉ፣ ምንም አያስተጋባም። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ። ማዳም። ቀሚስ ፈልጋ።

የማለቅስ መሰላት። አቀፈችኝ። "ፖቭር ፔቲት"፣ ምስኪኗ ልጅ፣ እያለች ጀርባዬን መታ መታ አደረገች። ቸኮላታ ሰጠችኝ። ለእህቷ ደውላ ልጅቷ ናፍቆት ገድሏታል አለች። የዛሬው የልብስ ተኩስ ለነገ ይቆይ ተባልኩ።

አላስተባበልኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቸኮላታው ባለ ለውዝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 7።

ሦስቱም ድምፅ ደረሰኝ። ገጣጠምኩ። ሰማሁ። ተቀመጥኩ።

የትርንጎ እንደ መዝሙር ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ መወዛወዟ በጆሮ ይታያል። የዘሃራ ይጋልባል። የኔ መሐል ገብቶ ይቅርታ ይጠይቃል። የዘሃራ መስኮት ሥር የሰፈሩ ጄኔሬተር አለ፤ መብራት ሲሄድ ግርርር ብሎ ይነሣል። ከሁላችን ልክ የገባው እሱ ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ። ሦስታችንም የቀዳነው የአውጪውን ነው። ተቀባይ የለም። አንዲትም። አገር ቤት አንዱ ሲያወጣ ሕዝቡ ሁሉ ይቀበላል፣ መቀበልን ማን ልለማመድ ብሎ ያውቃል? ሕዝብ ሁሌ አለ። ይኸው እዚህ የለም። ያለው ሦስት ወጥ ቤት ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 9። ፋናር ከተመለስኩ በኋላ።

በጣም ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

አጀንዳ አንድ፦ ማን ያውጣ። ዘሃራ፣ ትርንጎ ታውጣ አለች። ትርንጎ፣ ኧረ በማርያም፣ ዘሃራ እያለች እኔ? እኔም፣ ሁለታችሁ እያላችሁ ምን በወጣኝ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ተግደረደርን። መጨረሻ ላይ ዘሃራ፣ እሺ በቃ ላውጣ አለች። ትርንጎ ኩርፍ! እኔም፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ትንሽ ኩርፍ። ሦስተኛ ጊዜ እስኪለምኑን ነበር የምንጠብቀው።

ግን ልክ ነው፣ የዘሃራ ዘፈን ነው። ጀመርን። እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ትርንጎ መቀበል ማለት መብለጥ መሰላት፤ የዘሃራን ድምፅ በባልዲም በጉሮሮም ዋጠችው። ዘሃራ አቆመች። ሻሿን አስተካከለች።

"እህቴ፣ ተቀባይ ነው የተባልሽ። ነጣቂ አይደለም።"

ትርንጎ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ኸላስ፣ በቃ፣ አልመታም። እንዲህ ሆና እስከ አሥር ሰዓት። ከዚያ ወደ ሐዝሚዬ መመለሻ ሰዓቷ ደረሰ፣ ሄደች። ያኒ፣ ማለቴ፣ ዛሬም ዜሮ።

አንድ እሑድ ቀረን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11።

ተጋለጥኩ። ቁምሳጥን ውስጥ ሆኜ የቀዳነውን እያዳመጥኩ ማዳም ደረሰችብኝ። ለቅሶ አለመሆኑን ለማስረዳት አረብኛዬም ፈረንሳይኛዬም አለቀ፤ ስልኩን ሰጠኋት።

መነጽሯን አድርጋ ቆማ ሰማች። ሁለቴ። የመጀመሪያዋ (ዘሃራ) ድምፅ አላት አለች። እኔን ዘለለችኝ። ከዚያ ግን እጇን ዘርግታ፣ ትጠራለች፣ የሚመልስላት ሰው የታለ? አለችኝ።

ማዳሜን የማልወዳት ልክ ስትሆን ነው። የሐሙሱንም ተኩስ አስታወሰች።

እሑድ፣ ግንቦት 16። ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ፣ ጽሑፌ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው።

ሆነ! አልሆነም! ቆይ በተራ።

ትርንጎ ከቅዳሴ በቀጥታ መጣች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ባልዲዋን ራሷ አነሣች። ስለ ባለፈው አንድም ቃል የለም። ዘሃራ ለእሷ ብላ ሥጋውን ትታ ምስር ሠርታ ነበር። ታረቁ ማለት ነው።

በሩን ዘጋን። ስልኩን ትራስ ላይ አስቀመጥኩ። ጄኔሬተሩ ፀጥ። የመንገዱ ሞተር ሳይክል እንኳ ለአንዴ ዕረፍት ወጣ። ዘሃራ ገባች፦

ስድስቱን ቀናት ለሰው ሰጥቼ፣
እሑድን ብቻ ለኔ አስቀርቼ፣
በር አንኳኩታ እሑድ ስትገባ
ማን አለ? አለች ይዛ አበባ።

ደብተሬ፣ እንደዛሬው ስታዜም ሰምቻት አላውቅም። "ማን አለ?" የሚለውን ሦስተኛ ጊዜ ስትደግመው፣ እኛ ልንቀበል አየር ስንስብ፣ ደረጃው ላይ አንዲት ሴት፣ አንቺ ልጅ፣ ብላ በአረብኛ ጮኸች፦ "ያ ቢንት!"

ሦስታችንም፣ ባንድ አፍ፦

"ናዓም ማዳም!"

አቤት እመቤቴ እንደ ማለት። እኛን አይደለም የጠራችው። አናውቃትም። የሦስተኛ ፎቅ ሠራተኛዋን ነው። ዘሃራ የራሷ ቤት ውስጥ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ ዘፈን መሐል፣ ናዓም ማዳም። ትርንጎ ጭራሽ ከባልዲው ተነሥታ ቆማ ነበር።

መሬት ላይ ወድቀን ሳቅን። እኔ ሆዴን አመመኝ። ቀና ስል ዘሃራ አትስቅም። ድጋሚ ስድስቴ ሞከርን። ድምፅዋ ሻከረ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ የትርንጎ ሰዓት ደረሰ። ንጹሑ ያው አንዱ ነው። ናዓም ማዳም ያለበት።

ሰኞ፣ ግንቦት 17። ካውያ ይዤ።

እየተኮስኩ መቶ ጊዜ ሰማሁት። የሚያናድደው ምን መሰለሽ? በሦስቱ እሑድ ውስጥ ባንድ ላይ የገባነው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ምቱ ልክ። ቃናው ልክ። ሦስት ጎበዝ ተቀባይ። ማዳም ሲሆን ተለማምደናላ።

ትርንጎ፣ ተዪው፣ ሰው ይስቃል፣ ዘፈን የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ነገር ነው ትላለች። ዘሃራ በድምፅ መልእክት፣ ቁረጪው። ቆረጥኩት። ዘፈኑ አነከሰ፤ "ማን አለ?" ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ባዶ። መለስኩት። ድጋሚ ቆረጥኩት። የማዳምን ሸሚዝ አንገት አሳረርኩ፣ በጥቂቱ፣ ወደ ውስጥ ያለውን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18። ቀትር።

ዘሃራ ደወለች። ሻንጣ እየዘጋች ነው፣ ላዩ ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሿ ይሰማል። ነገ ረፋድ ላይ ትበራለች። አልደረሰም ልላት አልቻልኩም። የተማርሽውን አድርጊበት ስትለኝ፣ ትራንስፎርመር ነው የተማርኩት አልኳት። ትንሽ ሳቀች። ከዚያ፦

"ቤዛዬ፣ ልጄ ሲሰማው ማን አለ ብዬ ስጠራ ማዳም እንድትወጣ አልፈልግም። ሰው ይመልስልኝ። በስሙ።"

በስሙ። ጭንቅላቴ ውስጥ አምፖል በራ። እኔ እዚህ ቤት ሶፊ ነኝ፤ ከኔ በፊት የነበረችው ሶፊ ነበረች፣ ማዳም መቀየር ደከማት። ትርንጎ ሐዝሚዬ ሮዛ ናት። ዘሃራን አንዷ አሠሪዋ ሱሱ ትላታለች።

ወሰንኩ። ናዓም ማዳም ወጥቷል። ባዶው ቦታ ላይ "ቤዛ!" ብዬ ገባሁ። ትርንጎ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በር ላይ ቀድታ ላከች፣ "ትርንጎ አያሌው!" እስከነአባቷ። ልክ ገባ። ግን ሁለት ሰው ሕዝብ አይሆንም። ስለዚህ ይህችን መልእክት እዚህ ባሉት የአገር ልጆች የስልክ ግሩፕ ልልካት ነው። መጀመሪያ አንቺ ላይ ልጻፋት፣ ስሕተት ካለ እዪልኝ፦

እኅቶች፣ ቤዛ ነኝ፣ ከፋናር። አንድ ዘፈን አለን፣ አውጪዋ ነገ ጠዋት አገር ትገባለች፣ ይዛው እንድትሄድ እንፈልጋለን። ድምፄ አያምርም አትበሉ፣ የኔም አያምርም፣ ማዳሜ መስክራለች። ማዜም አያስፈልግም፣ መጣራት ብቻ። ያያያዝኩትን ስሙ። "ማን አለ?" የሚለው ላይ ስትደርስ፣ ወጥ እየፈላም ቢሆን፣ ስምሽን ጮክ ብለሽ ጥሪና ቅጂው። እናትሽ ያወጣችልሽን። እስከ ነገ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ። ያላ፣ ማን አለ? ላኪልን።