የእናትሽን ስም አልጠየቅኩሽም

ታሪኳ፣
ሻይ ፔርሙሱ ውስጥ አለ። ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ጀሪካኖቹን እንዳትረሺ።

ትናንት እናትሽ ከፍርድ ቤት ያመጡትን ወረቀት ስታነቢላቸው "ይህን ክስ የጻፈ እጁ ይቆረጥ" አልሽ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን ቀጠልኩ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ለሕግ ረዳትነት ምስክር ወረቀት ስማር፣ ልምምድ ላይ ሳለሁ አጎትሽ መጣ። አጎትሽ መሆኑን አላወቅኩም። "ተከሳሽ ወይዘሮ ዳመነች ጅግሶ፣ አድራሻ ኮንጋ ቀበሌ" ብሎ አስጻፈኝ። እኔ አብረን በኖርንበት ሦስት ዓመት ሙሉ ያመጡልንን ቆጮ እየበላሁ "የታሪኳ እናት" ከማለት ሌላ ስም አላውቅላቸውም ነበር፤ ትናንት ስታነቢ ነው የሰማሁት። አሳምሬ ጻፍኩት። አስተማሪያችን ለክፍሉ ሁሉ አነበበው። እኔ በሱ አለፍኩ፣ እሳቸው የቡና መሬታቸውን ተነጠቁ።

ይግባኙን ጽፌ ፍራሽሽ ሥር አድርጌዋለሁ። እስከ ሰኔ ሠላሳ መግባት አለበት። ለሁለት ወገን መጻፌ ከታወቀ ምስክር ወረቀቴን ይቀሙኛል፤ ብትናገሪም አልቀየምሽም።

ገደብ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። እንዳትፈልጊኝ።

ዛሬ ጠዋት እናትሽ ሲሄዱ ጉንጬን ስመው "ሮማነወርቅ ልጄ፣ አንቺ እያለሽልን ምን እንሆናለን" አሉኝ።

እሳቸው ስሜን ከነአባቴ ያውቁታል።