ትል ያጣው ጓሮ

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ሁሉ ይለምልምልሽ። እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ጓሮዬ ግን አልጣመኝም። ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ እጣቢውን በቦያችን መልቀቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ስቆፍር አንድ ትል አላይም። ትል ለመልቀም ከእግሬ ሥር የማይጠፉት ዶሮዎች እንኳ ዞር ብለው አያዩኝም። አባትሽ «አንቺ የገዛ ጥላሽንም አታምኚም» እያለ ይስቅብኛል።

ባለፈው የፋብሪካው ኃላፊ መጥቶ፣ «እማማ፣ ውሃው ምንም አይልም» አለኝ። «እንግዲያው ለቤትዎ» ብዬ ጎመን ቀንጥሼ ሰጠሁት። መርቆኝ ተቀበለ። ጥግ እንደዞረ ቦዩ ውስጥ ሲወረውረው በአጥር ቀዳዳ አየሁት።

እፍኝ አፈር በፌስታል ቋጥሬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ አስመርምሪልኝ። ክፉ አይንካሽ፣ የእኔ ዓለም። አደራ፣ አፈሩን ከነካሽ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

እናትሽ