ጀማል ያመጣቸው ሁለት ታንኮች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ ከሚሴ

ዛሬ ጀማል ሱቄ መጣ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ጀማል። ከጅዳ መመለሱን ከሰው ሰምቼ ነበር፤ ስልክ ከምጠግንበት ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ግን የያዝኩትን ስልክ አስቀምጬ ተነሳሁ።

«አከም ጅርታ፣ ሉባባ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝና በሪሞት የሚነዱ ሁለት የመጫወቻ ታንኮች አወጣ። «ይተኳኮሳሉ፤ ግን አይመታቱም። እስቲ እዪልኝ።»

ተኩሳቸው ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ሁለቱም የአንድ ወገን ሆነው ስለተስተካከሉ አንዱ የሌላውን ምት አይቆጥርም። አንዱን ወደ ጠላት ወገን ቀየርኩት። ስንት ጊዜ ሲመቱ ይቁሙ ብዬ ጠየቅኩት።

«እኩል ይሁን፤ አለዚያ መንታዎቹ ይጣሉብኛል።»

«የማን መንታዎች?»

አቀረቀረ። «የኔ። አራት ዓመት ሞላቸው።»

ባለፈው ረመዳን እንኳ በስልክ «ጠብቂኝ» ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ታንኮች በአምስት ምት እንዲቆሙ አስተካከልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ስንሞክር የሱ የኔን አምስት ጊዜ መታው፤ የኔ ቀጥ አለ። ጀማል እንደ ድሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ሲወጣ «አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ» አለኝ። እህቴ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ፊቷ በርቶ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጀማል መጥቷል አሉ! ሽማግሌ መቼ ነው የሚልከው?»

«ኢንሻአላህ» አልኳት። እሷም ለሽማግሌዎቹ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ልታራግፍ ይዛ ወጣች።