ከካባዎቹ ጋር የታሰሩት የክር እንጨቶች

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ገድሉ፤
ሐዋሳ።

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይንዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እህቴ ርሆቦት «አባባ ጋዜጣ ማንበብ ጀመሩ» ስትለኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

በስልክ የስፌት መኪናውን ሽጠው፣ ክር የተጠቀለለበትንም እንጨት ሁሉ ጣለው፣ ዕድሜ ልኬን ሰፍቼ ምን ቀረልኝ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አልሸጥሁም፣ አልጣልሁም። ክሩ ያለቀበትን እንጨት ስለቃቅም «ይህ ልጅ ጤና የለውም» እያሉ ይስቁብኝ የለ? በሽታው አሁንም አልለቀቀኝም።

ባለፈው ቅዳሜ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ካህናቱ የክረምቱን እርጥበት ለማስለቀቅ ልብሰ ተክህኖውን ፀሐይ ላይ አስጥተው አገኘኋቸው። ከየካባው አንገት የክር እንጨት ተንጠልጥሏል! ዕቃ ቤት ጠባቂውን አባ ወልደ ጻድቅን ብጠይቃቸው፣ ሲቀደድ የክሩ ቀለም ቁጥር እንዳይጠፋችሁ ብለው እርስዎ ካባዎቹን ሲሰፉላቸው አብረው የሰጧቸው ነው አሉኝ። አንዱንም አልጣሉም። እንጨቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት እያየሁ ከካባ ወደ ካባ ሄድሁ። መጀመሪያ የክሩ ፋብሪካ ምልክት የሆነው አንበሳ በወርቅ ቀለም ነው፤ ኋላ በጥቁር ብቻ ይታተማል፤ ከዚያ አንበሳው ይጠፋና ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ መጨረሻ እንጨቱም ፕላስቲክ ይሆናል። አባባ፣ ዕድሜዎን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። እንባዬ መጣ።

አረንጓዴው ካባ ግን ትከሻው ተተርትሯል። የተሰፋበት ክር ባለወርቁ አንበሳ ነው፤ አባ ክሩን ገበያ አስፈልገው አጥተውታል። ቤት ገብቼ ጣለው ካሉኝ የክር እንጨቶች ውስጥ ብፈልግ ያው አንበሳ፣ ያው ቁጥር፣ ክሩ እስከ ግማሽ አለ! ሳብ ባደርገው አልተበጠሰም። ወዲያው ለአባ ደወልሁላቸው።

ካባውን ለሌላ ሰፊ ልስጠው ወይ ብላቸው አባ ተቆጡ። «ሠሪው በሕይወት እያለ ሌላ እጅ አይነካውም፤ ዓይኑ እስኪጠናለት እንጠብቀዋለን» አሉ። ካባውን ለብቻው አኑረውታል።

ርሆቦትን ይሳሙልኝ፤ አማችዎን ሣህሉን ስለ አስታመመዎ ያመስግኑልኝ፤ ልጃቸውን ትንሿን ማኅሌትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤቶችም መቼ ይመጣሉ እያሉ ይጠይቃሉ።

መኪናውን ዘይት አጠጥቼ መስኮቱ ሥር አስጠግቼዋለሁ። ክሩንም ቦታው ላይ አኑሬዋለሁ፤ መርፌው ውስጥ ግን አላስገባሁትም። እሱን ለእርስዎ ዓይን ትቼዋለሁ።

ልጅዎ ኪዳነ ወልድ
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.