ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ መካኒክ ሆነ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ? ካረፍክ ሁለት ወር ሊሞላህ ነው። እማዬ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀምራለች። አባዬ ፂሙን እስካሁን አልተላጨም። የባሰባት ፒክአፕህ ናት።

አሁን የሚነዳት አባዬ ነው፤ ከሁለተኛ ማርሽ አያልፍም። ከመሐል ሜዳ ገበያ ስንመለስ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ከፊት በኩልም ጥፍ ጥፍ የሚል ድምፅ አመጣች። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ትንሽ ይቀመጥና ዓይኑ ወደ ግቢው ይሄዳል። «እስቲ አስነሷት» ይላል። ከበቅሎ ሌላ ነድተው የማያውቁት ጋሽ ተሰማ ኮፈኑ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው «የኋላ እግሯን ነው» አሉ። የንስሐ አባታችን ጠበል ረጩባት። በማግስቱ ውርጩ እስኪለቅ ድረስ ጭራሽ አልነሳ ስትል «ዝም አለች አይደል?» አሉን።

አባዬ ግን አልሳቀም። «ልጄን ቀብሬ ደግሞ በልጄ መኪና ገደል አልገባም። ድምጿ ካልጠፋ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወስጄ እሸጣታለሁ» አለ። ልብስህን ለድሃ ሰጥተናል። ከእጅህ የቀረችን እሷ ብቻ ናት።

ከጓሳ ሣር የጫንን ቀን ትዝ ይልሃል? ከመኪናዋ የሚመጣ ድምፅ እየፈለግክ ሳለ ብርዱ ጥርሴን ሲያንገጫግጨው «አገኘሁት፣ በአንተ በኩል ነው» ብለህ አቆምክ። በሩን ፈታህ፣ ወንበሬን ነቀልክ። እኔም ጥርሴን ገጥሜ፣ አፌን ዘግቼ አየሁህ። ስንነሳ ድምፁ ስለጠፋ «የወንበሩ ብሎን ነበር» ብለህ ለሰው ሁሉ አወራህ።

ዛሬ ዓርብ ነው። እማዬና አባዬ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ካረፍክ ወዲህ ብቻዬን ስቀር የመጀመሪያዬ ጠዋት ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ። ውርጭ ሲጥል ሞተሯን በበግ ጠጉር ባና ትሸፍናት አልነበር? እማዬ በየማታው ቀጥላበታለች። ሳይነጋ ስትገፈው ጫፉ ተቀዶ የሞተሩ ማራገቢያ ላይ ተጠምጥሟል። ሲሽከረከር ያን ሁሉ ሰው ያስጨነቀው እሱ ነው። ቆርጬ አወጣሁት። ለእማዬ አልነግራትም፤ ካወቀች መሸፈኑን ትተዋለች። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት የምገፈው እኔ ነኝ፤ በገፈፍኩት ቁጥርም አስብሃለሁ።

ከዚያ አስነሳኋት። አልተንቀጠቀጠችም፣ ጥፍ ጥፉም የለም። ነገ ደብረ ብርሃን አይኬድም። በደስታ ከመሪው ወርጄ፣ ዞሬ በወዲያኛው በር ገባሁና ቦታዬ ተቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁ። ሞተሯ እስኪሞቅ ድረስ የምንሄድበትን እያሰብኩ ጠበቅኩ። ነጂ እንደሌለን ትዝ ሲለኝ ተመልሼ አጠፋኋት።