የተመረጠላቸውን ሰዓት ጠብቀው ስላረፉት የአልትራሳውንድ ባለሙያችን ወይዘሮ ቱየት

እኛ በናም ዲን ከተማ የምንገኘው የሦስት ድልድይ የእናቶች ክሊኒክ አመራርና ሠራተኞች፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያችን ወይዘሮ ዳም ቱየት የሠላሳ ሰባት ሳምንት ነፍሰ ጡር ሳሉ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በቀዶ ሕክምና ክፍላችን ሕይወታቸው በማለፉ ልባችን ተሰብሯል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የተቀላቀሉን ወይዘሮ ቱየት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ምርመራ ወደር አልነበራቸውም። በእግሩ የመጣ ፅንስም ሆነ አንገት ላይ የተጠመጠመ እትብት ከዓይናቸው አያመልጥም ነበር።

በ2018 ክሊኒኩ ቤተሰብ በአዋቂ ያስመረጠውን መልካም ቀንና ሰዓት ጠብቆ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሲጀምር፣ ሰዓቱን በመጨረሻው የአልትራሳውንድ ፎቶ ጀርባ በውብ የእጅ ጽሑፋቸው ይጽፉ የነበሩት እርሳቸው ነበሩ። አንድም ቀን ቅር ሲላቸው አላየንም።

ባለፈው ማክሰኞ የገዛ ሆዳቸውን አይተው እንግዴ ልጁ የማህፀናቸውን አፍ መዝጋቱን አረጋገጡ። ጥቂት ደምም ታይቷቸው ነበር። «ዶክተር፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን አድርጉኝ፤ ደም እንደሆነ ሰዓት አያይም» ማለታቸው ጨዋታ አዋቂነታቸውን ያሳያል። ሆኖም ዕለቱ በአሥራ ሁለቱ እንስሳት የቀን አቆጣጠራችን የነብር ቀን፣ ፅንሷም ሴት ነበረች። አማታቸው ወይዘሮ ኝዋን «በነብር ቀን የተወለደችን ሴት ማን ያገባታል? ሁለት ቀን መታገስ አቃተሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሏቸው። ሥራ አስኪያጃችን ዶክተር ክዋትም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሉ አባታዊ ምክር ለገሱ። ቀጠሮው ለሐሙስ፣ ለዘንዶ ቀን፣ የዘንዶ ሰዓት ለሚገባበት ጠዋት አንድ ሰዓት ተያዘ።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደሙ በረታ። ወይዘሮ ቱየት ቀሪውን ሠላሳ ደቂቃ በሙያዊ ሥነ ምግባር ጠብቀዋል። በሰፈር የሚወራው የተጋነነ ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ አልጮኹም።

ሕፃኗ በዘንዶ ቀን፣ በዘንዶ ሰዓት ወጣች። አላለቀሰችም። እናቷም ተከትለዋት አረፉ።

ለባለቤታቸው፣ ለአማታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ሰዓት ያስመረጣችሁ እናቶች ቀጠሯችሁ እንዳለ ነው፤ የፎቶው ጽሑፍ ግን ከእንግዲህ በማኅተም ይሆናል።

በደንባችን መሠረት የሕፃኗ የመጨረሻ የአልትራሳውንድ ፎቶ ለቤተሰቡ ተሰጥቷል። ከጀርባው እናቷ ማክሰኞ ዕለት በእጃቸው የጻፉት «ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት» ይላል። ሰዓቱ ሳይዛነፍ ተከብሯል።